የኡርባኖ ኩፔ

«ኧረ በእግዜር፣ ዛሬ እንኳ ተይው!» አለች አክስት ሎሌንግ፣ መኪናዋ ሥር ለተጋደመችው ማሪቪክ ጎንበስ ብላ። «ሬሳ ተኝቶ መዶሻ? መጥረጊያ እንኳ በማይነሳበት ቤት!»

ማሪቪክ መፍቻዋን አነሳች። ነገ አባቷ ኡርባኖ ይቀበራል፤ እሷም አስከሬኑን በገዛ ኩፔው፣ በዚያች ባለ ሁለት በር መኪናው፣ ልትከተል ምላለች። ለሞተሩ አየር እያፏጨ የሚነፋው ተርቦ ግን ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦታው ላይ ያለው አሮጌ ብሎን ዝጎ አልፈታም ብሏል፤ እሱ ካልወጣ ምንም አይገጠም።

ግቢው ውስጥ ለቅሶ ደራሾቹ ካርታ ይጫወታሉ።

«መኪናዋ አሁንም አልተነሳችም?»

«ኡርባኖ ራሱ ካልተነሳ እሷም አትነሳ!»

ይሳሳቃሉ። ማሪቪክ መፍቻውን ብትወረውርባቸው ደስ ባላት።

ወንድሟ ቦዬት ካርቶን ይዞ መጣ። «እንቺ፣ አዲስ ተርቦ። ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚታሰረው፣ አሁኑኑ ይገባል።»

«አባባ የዘመኗ ያልሆነ ዕቃ አያስነካትም ነበር።»

«በዚሁ ጠባዩ አይደል ሳይነዳት የሞተው!»

እውነቱን ነው፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ኡርባኖ ያቺን የሰባዎቹ ላንሰር መኪና ከዶሮ ቤት ጎትቶ አውጥቶ ስንት ዘመን ደከመባት። ቀለሟን መለሰ፣ ወንበሯን መለሰ። ተርቦው ላይ ሲደርስ ግግም አለ፤ ያኔ ለእሽቅድምድም መኪኖች ይገጠም የነበረው ካልሆነ አሻፈረኝ! እናቷ አውሪንግ «እስቲ እንዲሁ አንድ ቀን አንሸራሽረኝ» ስትለው፣ መልሱ ሁልጊዜ «ስታልቅ» ነው። የሚፈልገውን ከብረት ቁርጥራጭ ሻጭ አገኘና፣ ገና ሳይገጥመው ልቡ ቀጥ አለች። ምን ዓይነት ሰው ነው!

ማሪቪክ ብሎኑን በእሳት አጋለችው፣ ዘይት አጠጣችው፣ ሰደበችው። አመሻሽ ላይ ተፈታ፤ የአባቷን ተርቦ ሌሊቱን ገጠመችው።

በማግስቱ ኩፔዋ ተነሳች። ግን ምን ዋጋ አለው? የቀብር ሰልፍ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፤ ያ ግትር ተርቦ ደግሞ ነዳጁ በደንብ ካልተረገጠ አይነፋም። እስከ መቃብሩ ትንፍሽ አላለም። ማሪቪክ መሪውን በቡጢ መታችው።

ከቀብር በኋላ አክስት ሎሌንግ እንደ ደንቡ አስጠነቀቀች። «በቀጥታ ወደ ቤት የለም! ሙቱ ይከተላችኋል። መጀመሪያ ገበያ ጎራ ብላችሁ እህል ቅመሱ።»

«እኔ ቀጥታ ወደ ቤቴ ነኝ» አለች አውሪንግ።

«አብደሻል?»

«በዋናው መንገድ፣ በደንብ እየረገጥሽ» አለቻት ልጇን። «ዕድሜዬን የበላውን ድምፅ እኔም ልስማው፣ እሱም ይስማው።»

ከዚያ የኩፔዋን በር ከፈተች፤ አልገባችም። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው እንደሚደረገው የፊቱን ወንበር አጠፈችና በሩን ይዛ ቆመች። ሎሌንግ አማተበች። አውሪንግ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ የሰው እግር እንዳይይዝ ብላ ወንበሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።