አረንጓዴዋ ቁልፍ

«እኔ የሌለሁበት ዝርዝር ምን ዝርዝር ነው? ጣቴን ሰጥቼ!»

እትዬ ንግሥቴ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ የገበሬዎች ዩኒየኑን ቢሮ በር ገፋ አድርገው ገቡ። አራት ሰዓት ሙሉ አቀበቱን በእግራቸው ወጥተው መካነ ሰላም መድረሳቸው ነው።

ፊርደውስ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። ገበሬው ለስንዴ ምርጥ ዘር በታብሌት እንዲመዘገብ ድረ ገጹን የሠራችው እሷ ናት። ደሴ ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ቢሆንም ሥራዋ አፍ ያስከፍታል። የገጹ መደብ ቀለም የደረሰ ስንዴ ይመስላል፤ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ ከታች ደግሞ «አረጋግጣለሁ» የምትል አረንጓዴ ቁልፍ አለች። የዩኒየኑ ኃላፊ ጋሽ ዋለ ላገኙት ሰው ሁሉ «የኛው ልጅ ናት የሠራችው!» እያሉ ያሳያሉ። ምን ያደርጋል፣ ከእትዬ ንግሥቴ ቀበሌ አርባ ሦስት ሰው ፎርሙን አስሞልቶ መጨረሻ ላይ ሳያረጋግጥ ቀርቷል። ፊርደውስም «ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል» ብላ አልፋዋለች። ዝርዝሩ የሚዘጋው ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ የሌለ ሰው ዘንድሮም የሚዘራው አምና ዋግ የመታውን ዘሩን ነው።

«አብሽሩ እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ። መጨረሻ ላይ ቁልፏን ነክተዋታል?»

«ወይ ልጄ! የማኅበሩ ጸሐፊ ስሜንና መሬቴን ሞልቶ ሰጠኝ፤ እኔ አተምኩ፤ እሱም ተቀበለኝ።»

«ማን ነው የተቀበለዎት?»

«ይኸ ጠፍጣፋው ነዋ!»

ጋሽ ዋለ ከት ብለው ሳቁ። ፊርደውስ ግን ሳቋ አልመጣም። ታብሌቱን አቀበለቻቸውና «ያን ቀን እንዳደረጉት አድርገው ያሳዩኝ» አለቻቸው።

እትዬ ንግሥቴ አውራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። አማተቡ። ከዚያ ጣታቸውን ቁልፏ ላይ አሳርፈው፣ በቀለም እንደሚፈርም ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው፣ ጫን ብለው አንከባለሉት። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ታብሌቱ እጃቸው ላይ ንዝር አለ።

«ይኸው! ተቀበለኝ!» አሉ ፊታቸው በርቶ።

ቁልፏ የምትሠራው ነካ አድርገው ቶሎ ሲለቋት ነው። ጫን ብለው ከቆዩባት ታብሌቱ ይነዝራል እንጂ የሚልከው ነገር የለም። አርባ ሦስት ሰው መፈረም እንደለመደው አትሞ፣ ንዝረቱን እንደ አሜን ቆጥሮ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ገብቷል ማለት ነው!

«ሱብሃነላህ!» አለች ፊርደውስ። ትምህርት ቤት ሳለች የዩአይና የዩኤክስን ልዩነት ተጠይቃ «ዩአይ ሰው የሚያየው ገጽታ ነው፤ ዩኤክስ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጠቀምበት የሚያልፍበትና የሚሰማው ነው» ብላ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። ሸምድዳው ነበር እኮ! በዓይኗ ያየችው ግን ዛሬ ነው። ለዚያ አረንጓዴ ቀለም ሁለት ቀን ተጨንቃለች። አንድ ሰው ጣቱን ጠርጎ፣ አማትቦ፣ ቃሉን ሊሰጥባት እንደሚመጣ ግን ለአንድ ደቂቃ አላሰበችም። የእጇን ሥራ ይህን ያህል ያከበረላት ሰው ገጥሟት አያውቅም። ፈራችም፣ ደስም አላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው ልጄ፣ አበላሸሁት እንዴ?»

«ኧረ ያበላሸሁትስ እኔ ነኝ፣ እትዬ!»

ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ሳትል ሠራች። አሁን ቁልፏ ጣት ሲያርፍባት ቀስ እያለች ትሞላለች፤ ስትሞላ በፊርደውስ ድምፅ «ተመዝግበዋል» ትላለች። እትዬ ንግሥቴ እንደገና አማትበው አተሙ። ድምፁን ሲሰሙ ደንገጥ ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ስሜን ከዝርዝሩ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ፊደል ባይቆጥሩም ስማቸው ያለበትን መስመር በጣታቸው ዳሰሱት።

«ተገላገልና!» አሉ ጋሽ ዋለ። «የቀሩትን አርባ ሁለቱን አንቺው እዚሁ ነካ ነካ አድርገሽ ጨርሻቸው።»

«እንዳታደርጊው!» አሉ እትዬ ንግሥቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው። «አምና አንዱ ስለኔ ፈርሞልኝ፣ ዘሬ በሰው ማሳ በቀለ። ሰው በገዛ ጣቱ ነው።»

ፊርደውስ ከኮምፒውተሩ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ እጇን አነሣች።

«እሺ፣ ለጸሐፊው ደውለሽ አስረጂዋ» አሉ ጋሽ ዋለ።

«መጀመሪያም በስልክ ነበር ያስረዳሁት፣ ጋሼ።» ታብሌቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እትዬ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«አሁኑኑ ነዋ። ምነው?»

«አብሬዎት ልሂድ። ሁሉም ሲያትሙ አጠገባቸው ሆኜ ልያቸው።»

እትዬ ንግሥቴ ባለ ተረከዝ ጫማዋን ቁልቁል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ? የኛ ቁልቁለት ይዞሽ ነው የሚወርደው፣ ልጄ!»

ፊርደውስ ኮምፒውተሯን አጠፋች።

«ጋሼ» አለች፣ «ኮንጎ ጫማ በየትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው?»