ለናሙና የተላኩት ክዳኖች

ቴክኒሻኑ በመድኃኒት ጠርሙስ ፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን «አንተ ምረጥ» ተብሎ አያውቅም። የላላ ማጥበቅ፣ የተሰበረ መጠገን ነበር ሥራው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ክዳን የሚደረድር ማሽን ልንገዛ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል አንተ ትወስናለህ» ሲለው ደረቱ ተነፋ። ከቢሮው ወጥቶ ረጅሙን ጠረጴዛ ሲያይ ግን ቅስሙ ስብር አለ። እስከዚያ ቀን ክዳኖቹን በእጃቸው የሚደረድሩት አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አለቃቸው ደግሞ እናቱ ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችው፣ እዚህም ያስቀጠረችው ታላቅ እህቱ ናት።

«እታለም፣ ማሽን ሊመጣ ነው» አላት በምሳ ሰዓት።

«እኛስ?»

«ወደ ማሸጊያ ክፍል ያዛውሯችኋል። ሥራ አስኪያጁ በአፉ ነግሮኛል።»

«በአፉ!» ብላ ሳቀች።

ቴክኒሻኑ የሦስት አስመጪዎችን ወረቀት ቤቱ ወስዶ ስንት እሑድ አፈጠጠበት። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ክዳኑ ትልቅ ክብ ሳህን ውስጥ ይፈሳል፤ ሳህኑ ሲንቀጠቀጥ ክዳኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ባለች ጠባብ መንገድ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፤ የተገለበጠው ተመልሶ ይወድቃል፣ ቀጥ ያለው አንድ በአንድ ተሰልፎ ያልፋል። የሚሠሩበት ቦታ ሄዶ ሲያያቸው አንደኛው ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ሌላው ክዳን ይጭራል። ውስጡ ጎማ የለበሰውን ሦስተኛውን መረጠ። አስመጪውም «ሁለት ሺህ ክዳን ለናሙና ላክልኝ፤ የሳህኑ መንገድ የሚቆረጠው በእነሱ ልክ ነው» አለው።

ክዳኖቹን ከጠረጴዛው ላይ ሲያፍስ እህቱ አንድ ባልዲ በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የክዳኑ ቅርጽ ማውጫ፣ ሞልዱ፣ ስላረጀ ከመቶው አምስት ስድስቱ ጠርዛቸው ላይ ስስ ትርፍ ፕላስቲክ ይዘው ይወጣሉ። ሴቶቹ «ከንፈራም» ይሏቸዋል። ጣታቸው ገና ሲነካቸው ያውቃቸዋል፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ወደ ባልዲው ይወረውሯቸዋል።

«ከእነዚህም ጨምርበት» አለችው።

«ጉዳችንን ለሰው ልላክ እንዴ? ሞልዱም ሊቀየር ነው።»

«ሊቀየር ነው ከተባለ ስንት ዘመኑ! ያለውን ላክ፣ አንተ ልጅ።»

አልሰማትም። ንጹሕ ንጹሑን ለቅሞ፣ ያውም በጨርቅ ወልውሎ ላከ።

ማሽኑ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ገና መብራት ሳይገባለት ለአሥራ ሁለቱ ሴቶች የስንብት ደብዳቤ ታደላቸው። ማሸጊያ ክፍል የሚባል ነገር አልተነሣም። ቴክኒሻኑ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየሮጠ ገባ።

«እስኪሞከር እንኳ ይቆዩ እንጂ!»

«የመረጥከው አንተ ነህ። አይሠራም እያልከኝ ነው?»

ቴክኒሻኑ በመስኮቱ ሲመለከት እህቱ ጋዋኗን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ከበሩ ስትወጣ አያት።

ማሽኑ የተነሣ ዕለት ክዳኖቹ ተሰልፈው ሲወጡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። አንድ ከንፈራም መውጫው ላይ ተቀርቅሮ የኋላው ሁሉ ተቆልሏል። በወረንጦ አወጣው። ተነሣ፤ ቆመ። ንዝረቱን ቀነሰ፣ መውጫውን በሞረድ አሰፋ፤ አሁን ደግሞ የተገለበጡትም አብረው ማለፍ ጀመሩ። አስመጪው ጋ ሲደውል ሰውየው በትሕትና «ናሙናህ እኛ ጋ አለ፤ በእሱ እንደ ውኃ ይፈሳል። ሌላ ሳህን ከፈለጋችሁ አምስት ወር ነው» አለው።

ሴቶቹ ተመልሰው ከንፈራሙን አስቀድመው ይልቀሙ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ለመነ። «ማሽን ገዝቼ ሰው ልቅጠር?» ብሎ አባረረው። በስድስተኛው ሳምንት ዋናው ደንበኛ ወደ ሌላ ፋብሪካ ሄደ። መስመሩ ተዘጋ። ለቴክኒሻኑም ማሽኑን ፈትቶ በሳጥን እንዲያሽግ፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላም እንዳይመጣ ተነገረው።

እህቱ ቤት ሄዶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ናሙናውን፣ ጨርቁን፣ መስመሩ መዘጋቱን። «ነግሬህ ነበር» እንድትለው ጠበቀ፤ ብትለው እንዴት በቀለለው። እሷ ግን ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ለሌሎቹ አትንገራቸው» አለች። «ወንድሜ ያስመልሰናል እያልኩ ነው እስካሁን ያጽናናኋቸው።»

ይህን እያወሩ ከጠረጴዛው ሴቶች አንዷ፣ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ በሩን ገፍታ ገባች።

«ኢንጂነራችን! አንተን ማየት እንዴት ደስ ይላል! በል ንገረኝ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?»

ቴክኒሻኑ እህቱን አያት። እህቱ ወለሉን ታያለች።

«እየተነጋገርን ነው» አለ።

«ለልጆቼ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው።»

ሬዲዮ ሁለቱንም ጉንጩን ስማ፣ መንገዱን ሙሉ እየመረቀችው ሄደች።

«አሁን አንተም ሂድልኝ» አለች እህቱ።

«እታለም...»

«ሂድልኝ አልኩህ።»

ወጣ። በሩን ከኋላው ስትቀረቅረው ሰማ። በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካ ገብቶ፣ ሰው በሌለበት አዳራሽ ብቻውን የሳህኑን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።