ሰባ ስምንት ላይ የቆመው መርፌ

«ሶሊዬ፣ በዚህ ሰዓት መጠየቁ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ» አለ ረሻድ፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ። «ግን የመኪና ውድድሩ እሁድ ነው። አባትሽ መኪናዋ ሰኞ ታልቃለች ብለውኝ ነበር፤ ልውሰዳት?»

ሶሊያና ወደ አፏ ልታደርስ የነበረውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰችው። አባቷ ወልደሰንበት ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሠልስቱ ጸሎት ጠዋት ተደርሷል፤ እድሩ ድንኳኑን የሚያፈርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ረሻድ ደግሞ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ማዶ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው። ሱቁን ይወዳል፤ ከሱቁ ይልቅ ግን አሮጌ ዲኤክሱን ይወዳል። ወልደሰንበት ለዚያች መኪና ከሦስት አሮጌ ሞተር አንድ ሞተር ሲሠራ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። የእጁ የመጨረሻ ሥራ እሷ ናት።

«ትንሽ ቆይ፤ ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም» አለችው። እንግዳ ማክበሯ ብቻ አልነበረም፤ ጊዜ መግዛቷም ነበር። መኪናዋ እንዳላለቀች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ምኗ እንዳላለቀ ግን እሷም አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቱርቦዎች በአባቷ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ አንዷ ትንሽ፣ አንዷ ተለቅ ያለች። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረች፣ ከውጭ አየር ስባ ሞተሩን በግድ የምታጎርስ ዕቃ ናት። «አጉራሽ ናት» ይል ነበር ወልደሰንበት፤ «አጉራሽ ደግሞ የጎራሹን አፍ ማየት አለበት።» በሰፈሩ ጋራዦች የታወቀው ስህተት ትልቅ መግጠም ነው። ሾፌሩ ቤንዚን ረግጦ ቱርቦዋ እስክትነቃ ሻይ አዝዞ ይጠጣል።

ሶሊያና ኮሌጅ የተማረች ናት፤ በዚህ አትታማም። የፋብሪካውን ሠንጠረዥ አወጣች፣ ሁለት ቀን ሙሉ አሰላች፣ ትንሿን መረጠች።

«ትልቅ የሚመርጠው ጀማሪ ነው» አለችው ኮራ ብላ።

ወልደሰንበት ሠንጠረዡን አገላብጦ አየው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያነብ ጣቱ መስመሩን አይስትም። «እንደ መረጥሽ ግጠሚያት» አላት ፈገግ ብሎ። እሷም ፈገግታውን እንደ ምርቃት ቆጠረችው።

ቅዳሜ ገጥማ ስትጨርስ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ሰኞ እናስነሳታለን። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ምን?»

«እኔ ከነገርኩሽማ አየሽው ይባላል?»

በማግስቱ እሁድ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመ። ሰኞ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት፣ እሷ «ምኑን ነው ያላየሁት?» እያለች ትንገበገባለች። አባቷን ማጣቷ አንሶ፣ የመጨረሻ ጥያቄውን ሳትመልስለት ቀረች። ያ ሞተር በመጪው እሁድ ውድድር ሰው ፊት ቢፈነዳ ደግሞ «የወልደሰንበት ሥራ» እየተባለ ነው የሚወራው።

ሻዩ ከፔርሙዝ እየተቀዳ ሳለ ጋሽ ወንድዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጅቡቲን መስመር ሠላሳ ዓመት ያሽከረከሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሲያወሩም ዳገት እንደያዘ መኪና ቀስ ብለው ነው።

«የወልዴን ነገር ልንገራችሁ» አሉ። «መኪናዬ ቱርቦ ትሰብር ነበር። አንዴ ተሰበረች፣ ያንኑ ዓይነት ገጠሙልኝ። ደግሞ ዳገቱን ስወጣ ተሰበረች። ሾፌሩ ነው የሚሰብራት አሉኝ! ስሜ ጠፋ። ወልዴ ብቻ ምንም ሳይነካ 'ጅቡቲ ላይ እንዴት ናት?' ብሎ ጠየቀኝ። ጅቡቲ ላይማ ነብር ናት አልኩት። በል ይዘኸኝ ውረድ አለኝ።»

«ጅቡቲ ድረስ?» አለ ረሻድ።

«ጅቡቲ ድረስ! ላቡ እንደ ውሃ እየወረደ። አንዲት ክብ የአየር ግፊት መለኪያ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል። እዚያ ባሕሩ ዳር መርፌዋ መቶ ላይ ደረሰች። ስንመለስ ዳገት በወጣን ቁጥር መርፌዋ ትወርዳለች። ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ሦስት... ቃሊቲ ስንገባ ሰባ ስምንት። 'ወንድዬ፣ አንተም መኪናህም አልበደላችሁም' አለኝ። 'እዚህ አየሩ ስስ ነው። ያቺ ትንሽ ቱርቦ የባሕሩን ያህል ለማጉረስ ከአቅሟ በላይ ትሮጣለች። የሰበራት ሩጫዋ ነው።' ተለቅ ያለች ገጠመልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠራሁባት። አንድ ቀን እንኳ እኔ ነኝ ያወቅሁት ብሎ አላወራም።»

ሶሊያና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ያን መለኪያ ታውቀዋለች። ጋራዡ ውስጥ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌው ሰባ ስምንት አካባቢ ቆሞ ስለምታየው የተበላሸ ይመስላት ነበር። «የማይሠራ ዕቃ ለምን ትሰቅላለህ?» ብላ ስትጠይቀው፣ አባቷ ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር። አሁን ሳቁ ገባት። መርፌው የቃሊቲን አየር እየለካ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲናገር ኖሯል። እሷ ግን ለባሕር ጠረፍ አየር፣ ለመቶው የተሠራውን የፋብሪካ ሠንጠረዥ ይዛ፣ የጅቡቲን አየር ለቃሊቲ ሞተር አስልታለች።

ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አለች ጎረቤታቸው አቻምየለሽ፣ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ። «በሠልስት ቀን ከለቅሶ ተነሥቶ ጋራዥ? ሰው ምን ይላል!»

እናቷ አሰጋሽ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ሦስት ቀን አልቅሰው ድምፃቸው ተዘግቷል። «ተያት» አሉ። «እሱም የአባቱ ሠልስት ቀን የእድሩን ጄኔሬተር ሲሠራ ነው የዋለው። ብቻ ሶሊዬ፣ ያን ጥቁር ልብስ ዘይት እንዳታስነኪው፤ እስከ አርባው ሌላ የለሽም።»

ጋራዡ ከግቢው ጀርባ ነው። የዲኤክሷ ኮፈን እንደተከፈተ ነበር። ሶሊያና የካርቶን ቁራጭ አነሣች፤ በመቶው ፈንታ ሰባ ስምንትን ይዛ እንደገና አሰላች። ትንሿ ቱርቦ ከሠንጠረዡ መስመር ውጪ ወጣች። እሁድ ረሻድ ቤንዚን ቢረግጥባት፣ የጋሽ ወንድዬ መኪና የደረሰባት ይደርስባት ነበር። ተለቅ ያለችውን አሰላች። መስመሩ መሐል ላይ ቁጭ አለች።

ተለቅ ያለችውን ልታወጣ የተቀመጠችበትን ካርቶን ከጠረጴዛው ሥር ሳበች። ከቱርቦዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም ብረት አገኘች። ቱርቦዋን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው መቀመጫ ነው። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተበስተዋል፣ ጠርዙ በሞረድ ለስልሷል፤ ብረቱ ገና ያብረቀርቃል። ወልደሰንበት ስህተቷን ካየ ቆይቷል። ሊነግራት አልፈለገም፤ እንደምትደርስበት አምኖ፣ የምትገጥምበትን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ሰባ ስምንት ነው አባዬ» አለች ጮክ ብላ። «አየሩን ነው ያላየሁት።» ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰችም። እንዲህ ያለ አስተማሪ ነበራት፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበራት፤ ያን ያህል እንደሚያምናት ያወቀችው ግን ዛሬ ነው።

ረሻድ በሩ ላይ ደርሶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ካልሆነ ይቅር ሶሊዬ። ውድድር ለሌላ ዓመትም አለ።»

«ቅዳሜ ና» አለችው እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ዛሬ ብሰጥህ ኖሮ በእኔ ስህተት ነበር የምትሄደው። ቅዳሜ በእሱ ልክ ትወስዳታለህ።»

ከዚያ አባቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አደረገች። በትልቋ ቱርቦ የዘይት ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገች። በሌባ ጣቷ ተሽከርካሪዋን ገፋ አድርጋ ለቀቀቻት፣ ጆሮዋንም አስጠጋች። ቱርቦዋ ያለ አንዳች ድምፅ ለረጅም ጊዜ ዞረች። እስክትቆም ጠበቀቻት።

እናቷ ቀስ ብለው ከረሻድ ኋላ ደርሰው ነበር። ወልደሰንበት እንዲህ ካዳመጠ በኋላ ዘይት የነካ ጣቱን የግራ ጭኑ ላይ ይጠርግ ነበር። ያን ቦታ አሰጋሽ ሠላሳ ዓመት በሳሙና ፈትገውታል፤ አንድም ቀን ለቅቆ አያውቅም።

ሶሊያና ሳታስበው ጣቷን የጥቁር ቀሚሷ ግራ ጭን ላይ ጠረገችው። እናቷ አዩ፤ ሳሙና ሊያመጡ ወደ ቤት ዞሩ።