በመጽሐፉ ውስጥ ያልነበረችው ልጅ

አጎቴ ባልዶሜሮ ገጽ የሚገልጠው አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አሽቶ ነበር። ጉንጩ ውስጥ ሁልጊዜ የታኘከ ትምባሆ ስለሚኖር፣ ቤታችን ያለ መጽሐፍ ሁሉ ጥግ ጥጉ ቡናማ እድፍ አለበት። አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሽታውን ለመርሳት ታሪኩን አጥብቄ መስማት ነበረብኝ፤ እሰማም ነበር።

ኩባ ውስጥ፣ በከተማችን በካባይጓን ሲጋር የሚጠቀልል ቤተሰብ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እኛም አንድ ሰው ከሥራ ነፃ አውጥተን ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እናደርግ ነበር። የእሱን ድርሻ ሌሎቻችን እንጠቀልልለታለን። እማዬ ኦብዱሊያ፣ ታላቅ እህቴ ኔሬይዳና እኔ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤቶች መስኮቱን ተደግፈው ይሰማሉ። ንባቡ ደስ ሲለን ቅጠል በምንቆርጥበት ቢላ ጎን ጣውላውን እናንኳኳለን። ከዚያ ድምፅ የበለጠ የምወደው ነገር አልነበረኝም። እጃችን ቅጠል ላይ፣ እኛ ግን ሁላችንም በታሪኩ ውስጥ አንድ መርከብ ላይ።

አንባቢ ሌላም ሥራ አለበት፤ ፊደል ለማያውቅ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። የጻፈውን ከአፉ አያወጣም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም ትምህርት ቤት እሄድ ስለነበር መጻፍ እችላለሁ፤ ነገር ግን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ኔሬይዳ ለእኔ የማትነግረው ነገር ነበራት። ያን ሳምንት በረንዳው ላይ እሷ አንገቷን ደፍታ ስታወራ፣ አጎቴ ሲጽፍ በሩቁ አይቻቸዋለሁ። ለኢላሪዮ እንደሆነ ገምቻለሁ። ኢላሪዮ የኮርቻ ሠሪው ልጅ ነው፤ አጭቷት፣ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ደጃችንን ሳይረግጥ የቀረ።

ሐሙስ ዕለት የምንሰማው ታሪክ የአንድ የጭነት መርከብ ካፒቴን ነበር። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና «በዚህ ጊዜ ለካፒቴኑ ከእጮኛው ደብዳቤ ደረሰው» አለ። ድምፁን እንደ ሴት አቀጠነ።

«ዓለሜ፣ እኛ ቤት የተውከውን ሸሚዝ አጥቤዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሰዋለሁ። ማንም ሳይለብሰው የተጨማደደ እየመሰለኝ፣ በሳምንቱ እንደገና እተኩሰዋለሁ። ሌላ ብትወድም አልቆጣም። እሁድን ብቻ ለእኔ ብትተውልኝ ይበቃኛል።»

መስኮቱ በሳቅ ተናጋ።

«እሁድን ብቻ!» አለች ጎረቤታችን ዶኛ ፔትሮና። «የዓመት በዓሉንስ ለማን ልትሰጠው ነው?»

«አይ ውርደት!» አለች እማዬ፤ ከሳቋ ብዛት ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ? ቆንጥጣ የምታስቀምጣት?» በቢላዋ ጣውላውን ደጋግማ አንኳኳች።

እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ።

ሥዕል ካለ ብዬ ወደ ገጹ ጎንበስ አልኩ። ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም። ካፒቴኑ ወደብ ላይ ቆሞ የጨው ጆንያ ያስጭናል። ቀና ስል ኔሬይዳን አየኋት። እጇ ላይ ያለው ቅጠል ለሁለት ተቀዷል፤ አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካውያ የምታግለው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። በዚያ አፍ፣ በዚያ ምራቅ መካከል የእህቴ ቃል ይላመጣል፤ እኛ ደግሞ እናንኳኳለታለን።

«አጎቴ፣ ደክሞሃል። እኔ ልቀጥል» ብዬ መጽሐፉን ከእጁ ወሰድኩ። ስለ ጨው ጆንያው አነበብኩ።

«ኧረ ወዲያ!» አለች ዶኛ ፔትሮና። «ጨውሽን እዚያው ከነጆንያው! ልጅቷን አምጪልን!»

«እውነቷን ነው፤ ወደ ልጅቷ መልሽን» አለች እማዬም።

አጎቴ ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ ፈገግ አለ። «ፈልጊያት እስቲ፣ የእኔ ሊቅ። የት ገጽ ላይ አለች?»

የለችም ካልኩ ማን ናት ይሉኛል። አለች ካልኩ ደብዳቤውን እኔው ላነብላቸው ነው። እሱም ይህን ያውቃል፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«እዚህ የለችም» አልኩ፤ ቃሉ አምልጦኝ።

«የለችም ማለት?» አለች እማዬ። «ታዲያ የማን ደብዳቤ ነው?»

ኔሬይዳ ቢላዋን አስቀመጠች። «የእኔ ነው» አለች። «ቀጥል እንጂ ባልዶሜሮ፤ ምነው ዝም አልክ? ገና ግማሹ ነው። መጨረሻው የበለጠ ያስቃል።»

መስኮቱ ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ተንሸራተው ሄዱ። ዶኛ ፔትሮና እንኳ ደህና ዋሉ ሳትል ሄደች።

«ቀልድ እኮ ነው!» አለ አጎቴ። «መጽሐፉ ደርቆባችሁ ሲያዛጋችሁ ጊዜ... ስም ጠራሁ እንዴ? ስም አልጠራሁም!»

«ተነስ» አለችው እማዬ። «ያንን ወንበር ልቀቅ። ከነገ ጀምሮ እንደ ማንኛችንም ትጠቀልላለህ። ድምፅህን እንዳልሰማ።»

እየተንጠራራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው፣ ወደ ጓሮ ወጣ።

እማዬ እጇን ወደ ኔሬይዳ ትከሻ ዘረጋች። ኔሬይዳ ሸሸት አለች።

«ልጄ፣ አንቺ መሆንሽን መች አወቅሁ?»

«እኔ ባልሆን ኖሮስ?»

እማዬ እጇን ሰበሰበች። ወደ እኔ ዞር አለች። ከጠረጴዛው ሌላ ቅጠል አነሳን። ማንም አንብቢ አላለኝም። ሥራው እስኪያልቅ የሰማነው ነገር ቢኖር፣ አጎቴ ጓሮ ሆኖ አክታውን አክ እያለ ሲተፋ ነው።