ባለ ሦስት ጣቱ ጓንት

«ይኸው ጓንቱ! ይኸው የለፋበት! ይኸው እጁ!» እያሉ እትዬ አያለች ከፌስታል ውስጥ ያወጡትን ነገር ወደ ላይ አነሡት።

ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። እትዬ አያለች የሟቹ የአዛናው የአክስት ልጅ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እንደ አገር ቤቱ ልማድ የአዛናውን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሡ ያስለቅሱ ነበር። መጀመሪያ የሰንበት ኩታውን፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ቱታውን፣ ቀጥሎ መነጽሩን። አሁን የያዙት ግን የሥራ ጓንት አልነበረም። አረንጓዴ፣ እስከ ክርን የሚደርስ፣ ሦስት ጣት ብቻ ያለው፣ ጥፍሩ የተቆለመመ የጎማ እጅ ነው። ጎረቤታቸው አቪሓይ ሳቁን በሳል አፈነው።

የሟቹ ወንድም ምትኩ ከዝቅተኛው የሐዘንተኛ ወንበር ላይ ቀና አለ። ያንን እጅ ያውቀዋል።

«ማን ነው ይሄን ያወጣው?» አለ ወደ ሲቫን ጠጋ ብሎ። ሲቫን የወንድሙ የአዛናው አንድያ ልጅ ናት።

«ከአባዬ ቁም ሣጥን ነው አጎቴ። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

አታውቅም! በፋብሪካ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ፈትታ የምትገጥም ልጅ፣ አባቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን አታውቅም። ደግሞ የወጣው በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ጢም ባለበት ሰዓት! አንድ ሰው ሆን ብሎ አዘጋጅቶታል ብሎ አሰበ። ማን እንደሆነ ነው ያልታወቀው።

ከመጀመሪያውም የተጠነሰሰለት ነገር እንዳለ ልቡ ነግሮታል። ገና እንደመጣ በር ላይ ጫማውን አስወለቁት። «በሺቫ፣ በሰባቱ የሐዘን ቀናት፣ ሐዘንተኛ የቆዳ ጫማ አያደርግም» አሉት፤ ሕጉ እውነት ነው። ነገር ግን የምትኩ ጫማ ዝም ብሎ ጫማ አይደለም። የግራው ሶል ሦስት ጣት ያህል ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሠላሳ ዓመት በኢንዱስትሪ ቀጠናው ሲሠራ በዚያ ጫማ ምክንያት አንካሳ መሆኑን ያወቀ አልነበረም። አሁን በጨርቅ ነጠላ ጫማ ተቀምጦ፣ ሰው እንዳያየው ብሎ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው ሁሉም ለጸሎት ፊቱን ሲያዞር ነው።

አዛናው ወንድ ልጅ የለውም። ካዲሹን፣ ለሟች የሚባለውን ጸሎት፣ ማለት የወንድሙ ድርሻ ነው። ምትኩ ግን «የዕብራይስጡን ፊደል አላነበውም» ብሎ ቀረ፤ በሱ ፋንታ አቪሓይ አለለት። ሲቫን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ሰጠችው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ነገሩ የፊደል አልነበረም። «እግሬን አውጥቶ ላሳቀበኝ ሰው ካዲሽ አልልም» ብሎ በልቡ ቆርጧል።

ነገሩ የሆነው ከሱዳን በመጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ጣቢያው ውስጥ ሳሉ ፊልም ሠሪዎች መጡ። ቀጭንና ረዣዥም ወንዶች ይፈለጋሉ፤ የጭራቅ ልብስ ለብሰው በረሃ ላይ ከዋሻ የሚወጡ። ምትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከወንድሙ ኋላ ተሰለፈ፤ ቁመቱን ለኩት፤ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት አውቶቡሱ ሲመጣ አዛናው ብቻ ገባ።

«ሞልቷል። ስምህ አልወጣም» አለው። ዓይኑን ግን አላየውም። ያ አለማየቱ ነው ምትኩን እስከ ዛሬ የሚበላው።

በዓመቱ ፊልሙ በመቀበያ ጣቢያው አዳራሽ ታየ። ሰው ሁሉ አዛናውን ሊያይ ተጋፋ። ከዋሻው አረንጓዴ ጭራቅ ወጣ፤ ጀርባው ላይ ዚፑ ይታያል። ግራ እግሩን ይጎትታል፤ በየሦስተኛው እርምጃ ቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ ነጠቅ ያደርጋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ምትኩ ነው! ምትኩ እኮ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ምትኩ በጨለማው ተነሥቶ ወጣ። በወሩ ያንን ጫማ አሠራ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ከተማ ሲኖሩ፣ እሱ በድሮዎቹ ሕንፃዎች፣ አዛናው በኋላ በአዲሱ ሰፈር በካርሜ ጋት፣ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ብቻ ተለያይተው፣ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረውም። አዛናው በየበዓሉ ይደውላል። ምትኩ «ደህና ነኝ» ይለውና ስልኩን ይዘጋል።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ፀጉሩ የነጣ ፈረንጅ ሽማግሌ በከዘራ መጣ። ሻሌቭ እባላለሁ አለ። ለዘነበወርቅ፣ ለሟቹ ሚስት፣ እጅ ነሥቶ ቀጥ ብሎ ፎቶው አጠገብ ወደ ተቀመጠው የጎማ እጅ ሄደ። አነሣው። አሸተተው። ከዚያ ከሲቫን ጋር ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያንሾካሽኩ ጀመር።

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለ ምትኩ ጮክ ብሎ። «እዚህ ቤት ሚስጥር በዛ!»

«አጎቴ፣ ይሄን እጅ የሠራው እሱ ነው። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ አለ ነው የሚለኝ። አባዬ ያለበትን ልክፈተው?»

«በሺቫ ፊልም?» አለች ዘነበወርቅ። «ቴሌቪዥኑን አንሶላ ያለበስነው ለምን ሆነና?»

«እማዬ፣ ፊልም አይደለም። አባዬ ነው።»

ዘነበወርቅ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ሲቫን ስልኳን ከውሃ ጆጉ ላይ አስደገፈችው።

መጀመሪያ የመጣው ጡንቻው የተነፋ፣ ፀጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ ጀግና ነበር። ሰይፉ ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል። ሦስት ራስ ያለው እባብ ላዩ ላይ ወረደ፤ የተንጠለጠለበት ገመድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆንኩ ብሎ ነው ራቁቱን በረሃ የወጣ?» አሉ እትዬ አያለች፤ ለቀስተኛው ሐዘኑን ረስቶ ፈገግ አለ።

ከዚያ ጭራቁ ወጣ። ግራ እግሩን ጎተተ። ትከሻውን ነጠቅ አደረገ። አሁን የሳቀ የለም። ሰዉ ሁሉ ወለል ወለሉን አየ፤ ምትኩ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሸሸገ።

«አየሽ?» አለ ወደ ሲቫን ዞሮ። «አየሽ አባትሽ የሠራኝን? ቦታዬን ወሰደ፤ እግሬን ደግሞ መሳቂያ አደረገው!»

ሻሌቭ ምትኩ ምን እንዳለ ጠየቀ። ሲቫን እያመነታች ነገረችው። ሽማግሌው ከዘራውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አሽከረከረና በዕብራይስጥ ለራሱ ለምትኩ ተናገረ።

«ቦታህን እሱ አልወሰደም። ስምህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ‹አንካሳውን ተዉት፣ ጎማው ውስጥ ይወድቅብናል› አልኩ። ወንድምህ ቋንቋውን ቀድሞ ለምዶ ነበር፤ ሰማኝ።»

«አካሄዴንስ? እሱንም አንተ ነህ ያሾፍክብኝ?»

«እንደ አውሬ ሂድ አሉት። ሙቀቱ አይጣል ነበር፤ ሁለት ሰዎች ጎማው ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እሱ እንዲህ እየሄደ ዋለ። ‹ለምን እንዲህ ትሄዳለህ?› አልኩት። ‹ወንድሜ በተሰበረ እግሩ እንዲህ ሄዶ ነው ሱዳን የገባው። እንዲህ የሚሄድ አይወድቅም› አለኝ።»

ምትኩ መራራ ሳቅ ሳቀ። «ሰው ሲሞት መልአክ ይሆናል። ማን አስጠናህ ይሄን? እሷ ናት?»

«ሰውዬውን ዛሬ ነው ያወቅሁት አጎቴ!» አለች ሲቫን፤ እንባዋ መጣ። «ደግሞ ፊልሙን አላቆምኩትም። ይዩት እንጂ!»

ሊያየው አልፈለገም ነበር፤ ዓይኑ ግን ሄደ። በአዳራሹ ሳለ ከዚህ ወዲህ ያለውን አላየም። ጀግናው የሚታጠፈውን ሰይፍ ጭራቁ ሆድ ውስጥ ሰካ። ጭራቁ መሄዱን ቀጠለ። ጀግናው ግራ ገብቶት ዘወር ብሎ ካሜራውን አየ፤ ደግሞ ወጋው። ጭራቁ እግሩን ጎተተ። በሦስተኛው ወጋው፤ ጭራቁ ትከሻውን ነጠቅ አድርጎ፣ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ከሥዕሉ ወጥቶ ሄደ።

«እንዲወድቅ ነበር የተጻፈው» አለ ሻሌቭ። «ሦስት ጊዜ ቀረጽነው። እምቢ አለ። በየአዳራሹ ሰው ከሁሉ በላይ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው።»

ምትኩ ስልኩን ለሲቫን በጣቱ አሳያት።

«መልሺው» አላት።

መለሰችው። ጭራቁ አሁንም አልወደቀም።

«ለምን አልነገረኝም ታዲያ?» አለ ማንንም ሳያይ።

«ምን ብሎ ይንገርህ?» አለች ዘነበወርቅ። «አንካሳ ብለው ጣሉህ ይበልህ? ወይስ ስልኩን ሳትዘጋበት ቶሎ ቶሎ ይናገር?»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ለካዲሹ አቪሓይ ሊነሣ ሲል ምትኩ በእጁ አስቀመጠው። ብጣሿን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን እየተደናቀፈ፣ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቶ እየመለሰ፣ ቆሞ አለው። «አሜን» አሉት።

ሺቫው ተፈታ። እንደ ሥርዓቱ ሐዘንተኞች ተነሥተው ሕንፃውን እንዲዞሩ ሲነገር ሲቫን ሮጣ ጫማውን አመጣች፤ ግራውን አስቀድማ፣ ማሰሪያውን ፈትታ።

ምትኩ ተቀበላት። ከፍ ያለውን ሶል በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ሁለቱንም በሩ ሥር አኖረና በጨርቅ ነጠላ ጫማው ወጣ። ድንኳን የሚያፈርሱት ወጣቶች ዘንጉን ይዘው ቆመው አዩት። እሱም ማን እንዳየው፣ ማን እንደሳቀ፣ እንደ ልማዱ አንድ በአንድ አጣርቶ አየ።

ከዚያ ግራ እግሩን ጎተተ። በሦስተኛው እርምጃ ትከሻውን ነጠቅ አደረገ። ሕንፃውንም ዞረ።