ሁለቱ ወረቀቶች

“እናንተ ቶሎ ብላችሁ ስትቀመጡ እኛ ለማን ነው የቆምነው?” አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

“አባታችን ሆይን አብረን አድርሰን፣ አሜን ብለን ተቀመጥን። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?” አለ ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ምንያህል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

“ትንሽ ብትቆሙ ጉልበታችሁ አይቀልጥም ነበር።”

“የእኔማ ድንኳናችሁን ስሸከም ቀልጦ አልቋል።”

ጸሎቱ ስለ ሰላምና ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ነበር። ባለፈው ወር በአንድ ለቅሶ ላይ የካህናቱ ፍትሐትና የፕሮቴስታንቶቹ መዝሙር በአንድ ድንኳን ውስጥ ተደበላልቆ ሐዘንተኞቹ ሲሳቀቁ ስለዋሉ፣ የዛሬው ስብሰባ ሁሉም ቆሞ በሚያደርሰው ጸሎት እንዲከፈት ተስማምተው ነበር። እስከ አሜን አብረው ዘለቁ። ኦርቶዶክሶቹ “እመቤታችን” ብለው ሲቀጥሉ ግን ከወዲያ በኩል የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከኦርቶዶክሶቹ ሌላ እስከ መጨረሻው በአክብሮት የቆመው ሙስሊሙ ባለሱቅ ሀሚድ ብቻ ነበር።

ሙሉጌጥ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ባሏን ሰቦቃን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የመጣችው። ሠላሳ ዓመት እሷ እንጦጦ ማርያም ስትስም፣ እሱ ቀበና ወዳለው ጸሎት ቤቱ ሲሄድ፣ ማታ አንድ ቤት ሲገቡ ኖረዋል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ሰቦቃ ያልተከለው የለቅሶ ድንኳን፣ ያልተሸከመው ቃሬዛ የለም። ሐሙስ ዕለት ግን ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብለው መልሰውላታል።

ጭቅጭቁ ከረረ። አንዱ ስለ ጣዖት ተናገረ፤ ሌላው ስለ መጤ እምነት መለሰ። በመጨረሻ አቶ ዘመንፈስቅዱስ እንግዲያው እንለያይ፣ ሁሉም የራሱን ይቅበር አሉ፤ ምንያህልም እንዲያውም ዘግይተናል አለ። ጸሐፊዋ አስቴር ከደብተሯ ሁለት ወረቀት ገንጥላ አንዱን ለኦርቶዶክሶቹ፣ አንዱን ለፕሮቴስታንቶቹ አሰመረች፤ ሁሉም በየወገኑ ስሙን እንዲጽፍ ወረቀቶቹ መዞር ጀመሩ። ሀሚድ የእኔስ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ወረቀቶቹ ግን አልፈውት ሄዱ።

ወረቀቶቹ ሙሉጌጥ ዘንድ ሲደርሱ አስቴር አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“ሙልዬ፣ አንቺ እኛ ጋ ነሽ። ጋሼ ሰቦቃ እነሱ ጋ።”

“ነገ አንድ ነገር ቢሆን ማን ያነሳዋል?”

“የእነሱ ሰዎች ናቸዋ።”

“እኔንስ ማን ያስተዛዝነኛል?”

አስቴር አንገቷን ደፋች። “እሱ ይታሰብበታል” አለች።

ከፊት በኩል የእድሩ ትልቁ ድንኳን ለማን ይድረስ የሚል ጭቅጭቅ ተነሳና አስቴር ተጠራች። ሙሉጌጥ አስቴር የተወችውን እስክሪብቶ አነሳች። በኦርቶዶክሶቹ ወረቀት ላይ “ሰቦቃ ቶለራ” ብላ ጻፈች፤ በፕሮቴስታንቶቹ ላይ የራሷን ስም ከነአባቷ። እሱን የእሷ ሰዎች ያነሱታል፣ እሷን የእሱ ሰዎች ያስተዛዝኗታል፤ ፊደሉ እንዲነበብ ደግማ አደመቀችው። ከጎኗ የነበረው ሰው ወረቀቶቹን ሳያያቸው ተቀብሎ ስለ ድንኳኑ መጮኹን ቀጠለ።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ሰቦቃ መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። በሩን ከፍታ ወጣችና ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።