ከቶሪት ሲመለስ

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደቡብ ሱዳኗን ጁባን ጥቁር ደመና ተጫናት። ትናንሽ አውሮፕላኖች በሚያከራይ ድርጅት የራዲዮ ሠራተኛ የሆነችው ፀደንያ፣ ዕቃ ይዞ ቶሪት ከተማ የሄደውን ፓይለት ሽመክትን ጠራችው።

«ሽሜ፣ እዚህ ሰማዩ ተዘግቷል። የጄበል ኩጁር ተራራ እንኳ አይታይም። እዚያው እደር።»

«ነገ የበዛብሽ ልጅ ክርስትና ነው» አላት። በዛብሽ እህቱ ናት፤ ጁባ ጉዴሌ ሰፈር ምግብ ቤት አላት። «ከቀረሁ አትምረኝም። በደመናው ሥር ሥር እመጣለሁ።»

ሽመክት እጁ የተባረከ አብራሪ ነበር፤ የተማረው ግን መሬት እያየ መብረርን ብቻ ነው። በመሣሪያ ብቻ የመብረሩን ኮርስ ሁሌ «ለከርሞ» እንዳለ ነው። ብትለምነው አልሰማ ብሎ ተነሣ።

መንገድ ሲያጋምስ በራዲዮው ድምፁ ተለወጠ።

«ፀዲ፣ ደመናው ወረደብኝ። መሬቱ ጠፋኝ።»

«ዙርና ተመለስ።»

«ኋላዬም ነጭ ነው።»

«መሣሪያህን እይ። ስለ ክንፍህ ምን ይላል?»

«አዘንብለሃል ይለኛል። እኔ እኮ ቀጥ ብያለሁ። ተበላሽቶ መሰለኝ።»

ከድምፁ ኋላ ሞተሩ ይጮኻል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ አውሮፕላን እንዲህ አይጮኽም። እየተጠማዘዘ ቁልቁል እየወረደ ነው፤ ሰውነቱ ግን ወንበር ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ያህል ያታልለዋል።

«ሰውነትህን አትመነው ሽሜ። መሣሪያውን እመን።»

መልስ አልመጣም። ደጋግማ ጠራችው።

የአርባ ቀን ነገር አይተላለፍምና ሕፃኑ በማለዳ ክርስትና ተነሣ። በዛብሽ፣ ወንድሜ አንዱ መንደር አርፎ ይሆናል እያለች በሩን በሩን ታይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስብርባሪው ሊሪያ አካባቢ ተራራ ጥግ ተገኘ።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ «አሮጌ አውሮፕላን ሰጥተውት ነው» ይላል። በዛብሽ ፀደንያን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«ሞተሩ ነው አይደል?»

አዎ ብትላት ይቀላት ነበር።

«ሞተሩ ደህና ነበር በዛዬ። ደመና ውስጥ ገብቶ ላይና ታቹ ጠፋው።»

«ለምን እዚያው አላደረም ታዲያ?»

ፀደንያ አቀረቀረች።

«እንዳትቀር ብዬው ነበር» አለች በዛብሽ ቀስ ብላ። ሕፃኑን ከጭኗ አንሥታ ለፀደንያ አቀበለቻትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።